በቡፌ ፊት መስፈሪያው በማን እጅ ነው?



በዚህ ዕትም የምናጠናው ስለ ቡፌ ምግብ ነው። ርእሱን አይቶ «ስለ ሆድ ለመጻፍ ይህ ሁሉ ወረቀት ይባክናል ወይ?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ዛሬ በከተማችን ሠርጉም፣ ምርቃቱም፣ ስብሰባውም፣ መንፈሳዊ ጉዞውም ብዙውን ጊዜ የሚያበቃው በቡፌ ነው። ከዚህም አልፎ ጾማችን ራሱ ቡፌ ውስጥ ገብቶአል። «የጾም ቡፌ አለን» የሚል ማስታወቂያ ረቡዕና ዓርብ በየሆቴሉ በር ሲለጠፍ ሁላችንም እናየዋለን። ስለዚህ ነገሩ የሆድ ጉዳይ ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። ቡፌ የፈረንሳዮች ቃል ነው። መነሻው ሰሐንና ብርጭቆ የሚቀመጥበት ቁም ሣጥን ማለት ሲሆን፣ በየቤታችን ሳሎን ግድግዳ ተደግፎ የሚቆመውን፣ እናቶቻችን ለእንግዳ ብቻ የሚያወጡትን ሲኒ የሚቆልፉበትን ባለ መስተዋት ዕቃ ዛሬም «ቡፌ» እንለዋለን። ቆይቶ በዚያ ዕቃ ላይ የሚደረደረው ምግብ በዕቃው ስም ተጠራ። ፈረንሳዮች በባቡር ጣቢያ ያለውንም ምግብ ቤት እንዲሁ ይሉታል፤ አዲስ አበባ ለገሃር አጠገብ የታወቀው «ቡፌ ደ ላ ጋር» ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ድሬዳዋ አብራ ተወለደች፤ ስለሆነም ከባቡር ጋር የመጣ የፈረንሳይ ቃል ለደቻቱ ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም።

«በአንድ ዋጋ ገብተህ የቻልከውን ያህል ብላ» የሚለው ልማድ ግን ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። ስዊድናውያን «ስሞርጎስቦርድ» የሚሉት፣ ብዙ ዓይነት ምግብ ተደርድሮበት ሰው ራሱ እያነሣ የሚበላበት ገበታ አላቸው። በ1939 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ በተደረገው የዓለም ትርኢት ብዙ አሜሪካውያን ይህን ገበታ አይተው ወደዱት። ከዚያ በኋላ በ1940ዎቹ የላስ ቬጋስ ቁማር ቤቶች ያዙት። እነርሱ ያዙት ስለ ምግቡ አልነበረም፤ በርካሽ ዋጋ አጥግበው ቁማርተኛውን ከቤታቸው እንዳይወጣ ለማድረግ ነበር። በ1958 እ.ኤ.አ. ደግሞ የቶኪዮው ኢምፔሪያል ሆቴል ይህንኑ ልማድ ወስዶ «ቫይኪንግ» የሚል ስም ሰጠው፤ ጃፓኖች የቻሉትን ያህል የሚበሉበትን ቡፌ እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠሩታል።

ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። የቁልቢ ቅዱስ ገብርኤል በዓል በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ይከበራል። በእነዚህ ቀኖች ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማና ከሌላውም አገር ከሚመጣው ምእመን ብዙው ድሬዳዋ ስለሚያድር ሆቴሎቻችን ይጨናነቃሉ። ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው ሁለቱ በዓላት ሁለት ዓይነት ገበታ አላቸው። የታኅሣሡ በዓል በጾመ ነቢያት ውስጥ ይውላል፤ ጾሙ ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ዋዜማ ስለሚቆይ ገበታው የጾም ነው። የሐምሌው ግን የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ከተፈታ በኋላ፣ ፍልሰታም ነሐሴ 1 ከመግባቱ በፊት ስለሚውል፣ ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልሆነ በቀር የፍስክ ነው። እንግዲህ አንዱን አዳራሽ በሁለት ወቅት ብንጎበኘው ብዙ እንማራለን።

የሐምሌውን ቡፌ እንየው። ሰሐን ከሚነሣበት ጫፍ ስንጀምር ዳቦ፣ ሰላጣ፣ ሾርባ እናገኛለን። ቀጥሎ ሩዝ፣ ማካሮኒ፣ አንዳንድ ጊዜም ላዛኛ፤ ከዚያ ጥቅል ጎመንና ካሮት፣ ድንች፤ ከዚያ እንጀራው ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ወጡ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ምንቸት አብሽ፣ አልጫ፣ ቀይ ወጥ፣ ጥብስ፣ ዱለት፣ ክትፎ ከአይብና ከጎመን ጋር። ዶሮ ወጥ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ናት። ሠርግ ከሆነ በአዳራሹ ጥግ ሥጋ ተሰቅሎ፣ ቢላዋ የያዘ ሰው ቆሞ ቁርጥ ያድላል። ለማጣፈጫ ፓፓያ፣ ሙዝ፣ ማንጎ በየወቅቱ፤ ድሬዳዋ ስለሆንን ደግሞ ባቅላዋ ወይም ሙሸበክ አይጠፋም።

ይህ ቅደም ተከተል በአጋጣሚ የተደረገ አይደለም። በርካሽ የሚገዛው፣ ቶሎ የሚያጠግበውና ብዙ ቦታ የሚይዘው በፊት ይቀመጣል፤ ውድ የሆነው በስተመጨረሻ ይቀመጣል። ሰውየው ዶሮዋ ዘንድ ሳይደርስ ሰሐኑ በሩዝና በማካሮኒ ይሞላል። ደግሞም ሌላው ሁሉ ጭልፋው ተተክሎ «ራስህ ጨልፍ» ሲባል፣ ዶሮና ክትፎ ላይ ብዙ ጊዜ አሳላፊ ይቆማል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንዲት ዶሮ ዐሥራ ሁለት ብልት ናት። ለመቶ ሰው አንዳንድ ብልት ለማድረስ ዘጠኝ ዶሮ ይበቃል፤ አንዱ ሰው ሦስት ካነሣ ግን ሁለት ሰዎች በወጡ ብቻ ይመለሳሉ። ባለ ሆቴሉን በዚህ አልወቅሰውም፤ የሚሠራው ለትርፍ ነው፤ ሒሳቡንም ያውቃል። እኔን የሚገርመኝ፣ «ያለ ልክ ብሉ» በተባለበት ገበታ ላይ ባለቤቱ ራሱ ልክ የሚያስፈልገውን ምግብ ለይቶ ማወቁ ነው።

የታኅሣሡ ገበታ ከዚህ ይልቅ የበለጸገ ይመስለኛል። ሽሮው አለ፤ ምስር ቀይ ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ በካሮት፣ ቀይ ሥር ከድንች ጋር፣ ጥቅል ጎመን አለ። ባለሙያ ያለበት ቤት ከሆነ አዚፋው በሰናፍጭ፣ ስልጆው፣ የሱፍ ፍትፍቱ፣ የተልባ ፍትፍቱ፣ የሽምብራ ዓሣው ይጨመራል። የእንጉዳይ ጥብስና ቃሪያ ስንግም ይኖራል። በዚህ ላይ ሩዝ በአትክልት፣ ስፓጌቲ በቲማቲም፣ የድንች ጥብስና ምስር የተጠቀለለበት ሳንቡሳ ይደረደራል። አንዳንድ ቤት የዓሣ ጥብስም ያቀርባል፤ የዓሣውን ክርክር ግን ለመምህራኖቻችን እተወዋለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልወድም። በዚህ ገበታ ላይ የተሰበሰበው ስም ሁሉ የአገራችንን ታሪክ ይናገራል። ሽሮውና ምስሩ፣ ስልጆውና ተልባው የቆየ የእናቶቻችን ጥበብ ነው። ፎሶሊያ በግሪክም በዐረብም አገር በዚሁ ስም ይጠራል። ሰላጣ፣ ፓስታ፣ ማካሮኒ የጣሊያኖች ቃል ነው። ሳንቡሳ በቀይ ባሕር ማዶና በሕንድ ውቅያኖስ ነጋዴዎች መንገድ ሁሉ የታወቀ ነው፤ በረመዳን ማታ ማታ በመጋላ መንገድ የሚያልፍ ሰው ሽታው ይቀበለዋል። በቀፊራ ገበያ የሚሸጡት ቅመሞች ግማሹ ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው። የጾም ገበታችን ከመቶ ዓመት በፊት ይህን ሁሉ ዓይነት አልያዘም ነበር። መብዛቱ በራሱ ክፉ አይደለም፤ የመጣው ከጎረቤትና ከንግድ ነውና።

ምግቦቹ ለሰውነት ያላቸውን ጥቅም ብንመረምርም ደካማ አይደሉም። ጥራጥሬና እህል አብረው ሲበሉ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። የጤፍና የስንዴ ፕሮቲን ላይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ያንሰዋል፤ ምስርና ሽምብራ ግን ይህ አላቸው፤ እነርሱ የሚያንሳቸውን ደግሞ እህሉ ይሰጣል። ምስር በእንጀራ የምንበላው ስለዚህ መልካም ነው። በጎመኑና በምስሩ ውስጥ ያለው ብረት ሎሚ ወይም ቲማቲም ሲጨመርበት በተሻለ መንገድ ወደ ደም ይገባል፤ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይና ቡና ግን ይከለክለዋል። ድሬዳዋ ሎሚ የማይጠፋባት ከተማ ስለሆነች ይህ ምክር ከባድ አይሆንም።

ይሁን እንጂ የጾም ምግብ ሁሉ ቀላል ነው ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ሥጋና ቅቤ ስለሌለው ብቻ «ምንም አልበላሁም» ይላል። የጾም ወጥ ጣዕሙን የሚያገኘው ከዘይት ነው። አንድ ግራም ዘይት 9 ካሎሪ ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ስታርች 4 ብቻ ይሰጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው። በሰሐናችን ላይ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ስፓጌቲና የድንች ጥብስ በአንድ ጊዜ ስናደርግ ደግሞ አምስት ስም ያለው አንድ ዓይነት ምግብ ነው የደረብነው። ስለ ጾሙ የሚጠነቀቅ ሰውም ዳቦው ወተት፣ ኬኩ እንቁላል፣ ሾርባው የሥጋ መረቅ እንደሌለው፣ ሳንቡሳውም ሥጋ በተጠበሰበት ዘይት እንዳልተጠበሰ ይጠይቅ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ታዲያ ሰው በቡፌ ፊት ከቤቱ ይልቅ ለምን አብዝቶ ይበላል? ክፉ ሆዳም ስለሆነ ብቻ አይደለም። በ1981 እ.ኤ.አ. ባርባራ ሮልስ የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦችዋ ጋር ባወጣችው ጥናት፣ አራት ዓይነት ሳንዱች የቀረበላቸው ሰዎች አንድ ዓይነት ብቻ ከቀረበላቸው ይልቅ ሲሶ ያህል አብልጠው እንደ በሉ ታይቶአል። ምክንያቱም ሰው የሚጠግበው በአንድ ጊዜ በሁሉም ምግብ አይደለም፤ ከበላው ጣዕም ይጠግብና ላልቀመሰው ገና ይራባል። ሽሮው የሰለቸው ሰው ለፎሶሊያው ቦታ ያገኛል፤ ከፎሶሊያው በኋላ ለእንጉዳዩ ያገኛል። የሆድም መልእክት ወደ አእምሮ ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ በሃያ ደቂቃ ግን ሦስት ጊዜ ተመላልሶ መሙላት ይቻላል።

ይህን ካወቅን ወደ ዋናው ጥያቄ እንድረስ። አገራችን የተትረፈረፈ ገበታ ያወቀችው በሆቴል አይደለም። በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ግብር ሲበላ በሺህ የሚቆጠር ሰው በየማዕረጉ ተራ በተራ ገብቶ ሥጋና ጠጅ ይጠግብ ነበር። ነገር ግን ማንም ከተቀመጠበት ተነሥቶ ራሱ አይጨልፍም ነበር። አሳላፊው ያቀርባል፣ አጋፋሪው ያስገባል ያስወጣል፣ ከላይኞቹ የተረፈው ለታችኞቹ ይደርሳል። በእርግጥ ያ ሥርዓት ሰውን በማዕረግ የሚከፍል ነበር፤ እርሱን ይመለስ አልልም። የሰንበቴንና የጽዋ ማኅበርን ገበታ ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እዚያ ሙሴ የሚባል አለ። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ ለእያንዳንዱ እኩል ይደርሳል፤ የነዳያን ድርሻም አስቀድሞ ይነሣል። በቤታችን መሶብ ዙሪያም ስንቀመጥ መስፈሪያው የሰው ዓይን ነው። እናት ታያለች፤ ታላቅ ወንድም ሥጋውን ወደ ታናሹ ይገፋል፤ «በሞቴ» ተብሎ ይጎረሳል፤ ከሌላው ፊት ያለውን መሻማት ነውር ነው።

ቡፌ እነዚህን ሁሉ መስፈሪያዎች አስነሥቶ ጭልፋውን ለእያንዳንዱ ሰው ሰጠው። ሙሴ የለም፤ አሳላፊም ከዶሮዋ በቀር የለም፤ በስተኋላ የተሰለፈው ሰው የሚያየው የእኛን ጀርባ ነው። ስለዚህ ከዚህ በፊት እናትና ማኅበር ያደርጉልን የነበረውን መስፈር እኛው ራሳችን ማድረግ አለብን። ብዙዎቻችን ግን ይህ ሥራ ወደ እኛ መተላለፉን ገና አላወቅንም።

ስለ መና የተጻፈውን በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 16 አንብቡት። መናው በሰፈሩ ዙሪያ ሁሉ ወርዶ ነበር፤ ለመሰብሰብ የሚከለክል ሰው አልነበረም። ቢሆንም ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጎሞር ተወሰነለት። ብዙ የሰበሰበው አልተረፈውም፣ ጥቂት የሰበሰበውም አልጎደለበትም። ለነገ ብሎ ያሳደረው ተልቶ ሸተተ። የመስፈሪያው ሕግ የተሰጠው ምግቡ ስላነሰ አይደለም፤ ምግቡ በተትረፈረፈበት ምድረ በዳ ነው የተሰጠው።

የጾምም ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ጾምን ሲያስተምር በታወቀ ሰዓት ከምግብ መከልከልን፣ ዓላማውም ሥጋ ለነፍስ እንዲታዘዝ መሆኑን አያይዞ ነው። እንግዲህ ጾም ዓይነት አለው፣ ሰዓት አለው፣ መጠንም አለው። የጾም ቡፌ የሚያረጋግጥልን የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሥጋና ወተት እንደሌለው ባለ ሆቴሉ ሊመሰክር ይችላል፤ ስንት ሰዓት እንደ በላን፣ ስንት ጊዜ እንደ ተመላለስን ግን የእርሱ ጉዳይ አይደለም፤ ሊሆንም አይገባውም። ዳንኤልና ባልንጀሮቹ በባቢሎን ጥራጥሬና ውኃ ሲለምኑ የንጉሡ ማዕድ ከፊታቸው ነበረ። እኛ ዘንድ ግን ጥራጥሬው ራሱ የንጉሥ ማዕድ ሆኖ ቀረበ። ይህ ደግሞ ከዳንኤል ፈተና የረቀቀ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በሰሐኑ ላይ የተከለከለ ነገር ስለሌለ ኅሊና አይነቃም።

በዚህ ርእስ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ስንነጋገር አንዲት እኅታችን ጥሩ መከራከሪያ አቀረበች። «በትሪ ዙሪያ ስንበላ ዓይን አፋሩ ሁልጊዜ ተርቦ ይነሣል፤ ፈጣኑ ግን ይጠግባል። ቡፌ ከይሉኝታ ያወጣል» አለች። እውነትዋን ነው። ስኳር ያለበት ሰው ሩዙን ትቶ ጎመኑን ማንሣት የሚችለው በቡፌ ነው። ተልባ የማይስማማውም እንደዚሁ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ አገራችን ሲገባ ጉርሻና አንድ ትሪ እንዴት እንዳስፈሩን አንረሳም። ስለዚህ ቡፌ ይቅር የሚል አስተያየት የለኝም። ይልቁንም ሰሐን ሳንይዝ አንድ ጊዜ ገበታውን ከዳር እስከ ዳር እንየው፤ የምንወደውን ሦስት ወይም አራት ዓይነት እንምረጥ፤ ጥቂት አንሥተን ቁጭ ብለን እንብላ፤ ካልበቃን እንደገና እንነሣ። ሁለተኛ መነሣት አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ሞልቶ አንሥቶ መተው ነው።

የምናነሣውን ስንመርጥ የምግቡን ደኅንነትም እናስብ፤ የከተማችን ሙቀት ይህን ያስገድደናል። የበሰለ ምግብ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ወይም ከ5 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ነው በሽታ አምጪው ተሕዋስ የማይራባበት። በመካከሉ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ አየሩ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ። በድሬዳዋ የሐምሌ ቀትር ይህ ማለት ምን እንደ ሆነ ለናንተ አልነግራችሁም። ስለዚህ ትሪው ከሥሩ የፈላ ውኃ እንዳለው፣ ክዳኑ ሲነሣ እንፋሎት እንደሚወጣ ተመልከቱ። ከሁሉ ይልቅ ሩዝን ተጠንቀቁ፤ በሩዝ ላይ የሚገኝ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ዘሩ በመቀቀል አይሞትም፤ ሩዙ ለብ ብሎ ሲቆይ ይራባና የሚያስታውክ መርዝ ያወጣል፤ መርዙም እንደገና ቢያሞቁት አይጠፋም።

አሁን ስለ ትርፍራፊው እንነጋገር። ከሆቴል የሚወጣውን ትርፍራፊ ምግብ የአዲስ አበባ ጎዳና ልጆች «ቡሌ» ይሉታል። ከቡፌ በአንድ ፊደል ብቻ ይለያል። ከተለያየ ሰሐን የተራረፈው ሥጋ፣ ሩዝ፣ እንጀራ፣ አጥንትና የወረቀት መጥረጊያ በአንድ ባልዲ ተገልብጦ ይወጣል፤ እርሱንም በገንዘብ የሚገዛ ልጅ አለ። ባለፈው ጥር በአንድ ሠርግ ቤት፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፣ ሰሐኖች ሲነሡ ቆሜ አየሁ። ያልተነካ ክትፎ፣ ግማሹ የተነከሰ ዳቦ፣ ሦስት እንቁላል ያለበት ሰሐን ነበረ። ከአጥሩ ውጭ ፌስታል የያዙ ልጆች ይጠብቁ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። በትሪው ላይ የቀረው ምግብ ምግብ ነው፤ ንጹሕ ነው፣ በክብር ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ወደ ሰሐናችን ያነሣነውና የተውነው ግን በዚያው ቅጽበት ቡሌ ይሆናል። የጨለፍነው እኛ ነን፤ የሰው ምግብ የነበረውን ወደ ባልዲ የሚቀይረው ያ አንድ ጭልፋ ነው። ጌታችን አምስቱን እንጀራና ሁለቱን ዓሣ ባበረከተ ጊዜ ሕዝቡ በመቶና በኀምሳ ተመድቦ በሣር ላይ ተቀመጠ፤ ደቀ መዛሙርቱም አደሉ። ሁሉም ከጠገቡ በኋላ አንዳች እንዳይጠፋ ቍርስራሹ እንዲሰበሰብ ታዘዘ፤ ዐሥራ ሁለት መሶብም ተነሣ። እንጀራን ማብዛት የሚችል ጌታ ለቍርስራሽ ተጠነቀቀ።

ስለ ታኅሣሡ የቁልቢ ጉዞአችን አንድ ሐሳብ አቅርቤ ላብቃ። ለመልስ ምሳው ከሆቴል ጋር የሚነጋገሩት ወንድሞችና እኅቶች በቡፌ ፈንታ በያይነቱ በትሪ እንዲቀርብልን ቢጠይቁ መልካም ነው። ምግቡ ያው ሽሮ፣ ያው ምስር፣ ያው ጎመንና ፎሶሊያ ነው። ስድሳ ሰው ብንሆን ለስድስት ስድስት ሰው ዐሥር ትሪ ይበቃናል። በየትሪው አንድ ታላቅ ይቀመጥና ዓይን አፋሩን ያጉርስ። የሚታመምና የማይስማማው ነገር ያለው ቀደም ብሎ ይናገርና በሰሐን ለብቻው ይቅረብለት። ሆቴሉ ከቡፌ በቀር አይሆንም ካለ ደግሞ፣ ምግቡ እንዳለቀ ሳይሆን ገና ስንገባ፣ በትሪ ላይ የሚተርፈውን በዕለቱ ይዘን እንድንወጣ ከሥራ አስኪያጁ ጋር እንስማማ። ባለ ክዳን ሳፋ ከየቤታችን ይዘን እንምጣ፤ እንጀራውና ዳቦው ለብቻ፣ ምስሩና ክኩ ለብቻ ይሁን። ሁለት ሰዎች ተመድበው ሳይመሽ፣ ትኩስነቱ ሳይጠፋ ለነዳያን ያድርሱት። ሩዙን ግን እዚያው እንጨርሰው።